በላያችን የሚያልፍ ኮረንቲ

ይህ ጽሑፍ ግለ ሂስ ነው። ግለ ሂስ በቃል ሲሆን ይቀልላል፤ ተናጋሪው አንገቱን ይደፋል፣ ጓደኞቹ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ስብሰባውም ወደሚቀጥለው አጀንዳ ያልፋል። በጽሑፍ ሲሆን ግን ተይዞ ይቀራል። እኔም በጥናት ክበባችን ፊት በድፍረት የተናገርሁትን ስሕተት በዚያው ድፍረት ለማረም ብዕር አነሣሁ። ስሕተቱ ላይ ላዩን ሲታይ የፖለቲካ ይመስል ነበር፤ ሥሩ ሲቆፈር ግን የተገኘው ከመዳብ ገንዳ ውስጥ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመመረቂያ ጽሑፌ ስለ ኮንጎ ነው፤ በተለይም ካታንጋ ስለምትባለው የመዳብ ምድርና ከ1960 በኋላ የኪንሻሳ መንግሥት ይህችን ምድር በእጁ ለማቆየት ስለ ተጠቀመባቸው መሣሪያዎች። (ስለ አገራችን ስናገር «ዓ.ም.» ካላልሁ በቀር ዘመኖቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ከመሣሪያዎቹ አንዱ ጠመንጃ ሳይሆን ሽቦ ነው፤ ይኸውም በታችኛው የኮንጎ ወንዝ ካለው ከኢንጋ ግድብ ተነሥቶ፣ 1,700 ኪሎ ሜትር አገር አቋርጦ፣ ካታንጋ ውስጥ ኮልዌዚ የሚደርሰው የኤሌክትሪክ መስመር ነው። በሞቡቱ ዘመን፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ተወስኖ፣ በውጭ ብድር ተሠርቶ፣ በ1982 ሥራ ጀመረ። ለብዙ ዓመታት በዓለም ላይ ካሉት መስመሮች ሁሉ ረጅሙ እርሱ ነበር። ኃይሉ የታሰበው ለመዳብና ለኮባልት ፋብሪካዎች ነበርና ከሥሩ ያሉት መንደሮች በጨለማ ቀሩ።

ይህን ታሪክ በክበባችን የቅዳሜ ጉባኤ ላይ ሳቀርብ ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። «ከአንዱ ምሰሶ አንዲት ሽቦ ወደ መንደር ማውረድ ምን ያህል ያስቸግር ነበር?» ብዬ ጠየቅሁ። መልሱንም ራሴው ሰጠሁ፦ «የሚያስቸግር ነገር አልነበረውም! ጌቶቹ በየመንደሩ ደጃፍ ቆመው ከለከሉ እንጂ!» ተጨበጨበልኝ።

ያን ያህል የጋልሁበት ምክንያት ነበረኝ። የተወለድሁት ጎጃም ውስጥ፣ ገጠር ነው። በ2002 ዓ.ም. የበለስ የውሃ ኃይል ማመንጫ ሲመረቅ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርሁ፤ ኃይሉን ወደ መሐል አገር የሚወስደው ታላቅ መስመርም ከእርሻችን ዳር ያልፋል። ምሰሶዎቹ ሲተከሉ የመንደሩ እረኞች ሁሉ ከብቱን ትተን ስናይ እንውል ነበር። ዝናብ ሲዘንብ ሽቦው እንደ ንብ ቀፎ ይጮኻል። እኛ ግን ማታ ማታ በኩራዝ ጭስ ዓይናችን እየቀላ አጠናን፤ ጠዋት ስንናፈጥ ከአፍንጫችን ጥላሸት ይወጣ ነበር። እናቴን «ለእኛስ መቼ ነው?» ብላት፣ «የሰው ሠርግ ነው ልጄ፤ በደጃችን አለፈ እንጂ ወደ እኛ አልመጣም» አለችኝ። ስለ ኮንጎ ስናገር በጉሮሮዬ የተናነቀኝ ይህ ነው። በደል የደረሰበት ሰው የሌላውን በደል ፈጥኖ ይለያል፤ ፈጥኖ ስለሚለይ ግን አጥርቶ ሳያይ ይፈርዳል።

ጭብጨባው ሲበርድ ከኋላ ወንበር አንድ አዛውንት እጃቸውን አነሡ። በዚህ ከተማ ያለነው ልጆች ሁሉ «ጋሼ» እንላቸዋለን። በ1970ዎቹ ለትምህርት መጥተው፣ አገር ቤት ቀይ ሽብር ሲነሣ መመለሻ አጥተው፣ ትምህርቱንም አቋርጠው ሃያ ስድስት ዓመት በአንድ የመዳብ ፋብሪካ የሠሩ ሰው ናቸው። በስብሰባ ላይ ብዙ አይናገሩም።

«ልጄ፣» አሉኝ፣ «በዚያ ሽቦ የሚሄደው ኮረንቲ የትኛው ነው?»

«ኮረንቲ ኮረንቲ ነው ጋሼ» አልኋቸው። ሰው ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። እርሳቸው አልሳቁም።

«እንግዲያው ነገ ቡና እኔ ዘንድ ጠጣ» አሉኝ።

በማግስቱ ከቤታቸው ስደርስ ከማእድ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ፣ ከጀበናው አጠገብ፣ አንድ የማርማላታ ብርጭቆ ተቀምጦ አገኘሁ። በውስጡ የመዳብ ጨው፣ ማለትም ኮፐር ሰልፌት፣ በውሃ ሟሟቶ ጥምቀት ሰሞን እንደሚታየው ሰማይ ሰማያዊ ሆኗል። የአንድ አሮጌ ስልክ ቻርጀር ሽቦ ቆርጠው ሁለት ጫፍ አውጥተውለታል። ቀዩን ጫፍ በሁለት በኩል ከተቀረጸ እርሳስ ጋር፣ ጥቁሩን ከአንድ ማንኪያ ጋር አሰሩ፤ ሁለቱንም ሳይነካኩ ውሃው ውስጥ አቆሟቸውና ሶኬቱን ሰኩ።

ቡናው እስኪፈላ ድረስ ማንኪያው ቀላ። በእርሳሱ ጫፍ ላይ ደግሞ ጥቃቅን አረፋ ይወጣል።

«መዳቡ ከየት መጣ?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«ከኮረንቲው» አልሁ።

«ኮረንቲ መዳብ አይፈጥርም» አሉ። «መዳቡ ውሃው ውስጥ ነበረ፤ ሰማያዊውን ቀለም የሰጠው እርሱ ነው። ጨው ሆኖ ሲሟሟ እያንዳንዱ የመዳብ ቅንጣት ሁለት ኤሌክትሮን ጎድሎበት ነው የሚንሳፈፈው። ማንኪያው ዘንድ ሲደርስ ኮረንቲው የጎደለውን ሁለቱን ይሰጠዋል፤ ያን ጊዜ ተመልሶ መዳብ ይሆንና ይለጠፋል። በእርሳሱ በኩል ደግሞ ውሃው ራሱ ኤሌክትሮኑን እየሰጠ ይከፈላል፤ አረፋው ኦክሲጅን ነው፣ አሲዱ ውሃው ውስጥ ይቀራል።»

የዚህን ሒሳብ ሕግ በ1830ዎቹ ያወጣው ማይክል ፋራዳይ ነው፤ የብረት ቀጥቃጭ ልጅ፣ በመጽሐፍ ጠራዥ ቤት ተቀጥሮ ያደገ ሰው። ሕጉ አድልዎ አያውቅም። አንድ አምፔር ኮረንቲ ለአንድ ሰዓት ቢፈስ 1.2 ግራም ያህል መዳብ ይለጠፋል፤ ሎንዶንም ይሁን ሉቡምባሺ ከዚያ አይበልጥም። አንድ ኪሎ የፈለገ ወይ ኮረንቲውን ያበዛል፣ ወይ ብዙ ሰዓት ይጠብቃል።

ቀጥሎ ጋሼ ሁለቱን ጫፎች አዛወሩ። ቀዩ ወደ ማንኪያው፣ ጥቁሩ ወደ እርሳሱ ሄደ። ብዙም ሳይቆይ በማንኪያው ላይ የነበረው ቅላት እየሳሳ ወደ ውሃው ተመለሰ፤ አሁን በተራው እርሳሱ መቅላት ጀመረ።

«ኮረንቲው ያው ነው፤ አቅጣጫው ነው የተለወጠ» አሉኝ። «አሁን ይህ መገለባበጥ በየሰከንዱ ሃምሳ ጊዜ ቢሆን መዳቡ የት ያርፋል?»

«የትም» አልሁ።

«የግድግዳው ኮረንቲ እንደዚያ ነው፤ በሰከንድ ሃምሳ ጊዜ ሄዶ ይመለሳል። ተለዋዋጭ ኮረንቲ ይባላል። አምፖል ያበራል፣ ምጣድ ያግላል፤ መዳብ ግን አይለጥፍም። መዳብ የሚፈልገው በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄደውን፣ ቀጥተኛውን ነው። ቻርጀሩ ያስፈለገን ተለዋዋጩን ወደ ቀጥተኛ እንዲለውጥልን ነው።» ከዚያም ማንኪያውን አውጥተው በጋዜጣ ጠቀለሉት። «ከእንግዲህ አይበላበትም፤ መርዝ ነው። ውሰደው» ብለው ሰጡኝ።

ቡናውን እየጠጣን ስለ ፋብሪካው አጫወቱኝ። ድንጋዩ ይፈጫል፤ በሰልፈሪክ አሲድ ይርሳል፤ መዳቡ ወደ አሲዱ ይገባና ሰማያዊ ውሃ ይሆናል። ውሃው ከሌላው ብረታ ብረት ከተጣራ በኋላ ወደ ረጃጅም ገንዳዎች ይለቀቃል። በየገንዳው አንድ ጊዜ እርሳስ፣ አንድ ጊዜ ስስ የብረት ሰሌዳ፣ እየተፈራረቀ በሰልፍ ይንጠለጠላል። እዚህ ላይ ጋሼ ፈገግ አሉ፤ «በቋንቋችን እርሳስ ሁለት ነው፤ የምትጽፍበትና የሚከብደው። በብርጭቆው ያየኸው የመጀመሪያውን ነው፤ ፋብሪካው ውስጥ ያለው ሁለተኛው ነው» አሉኝ። በአንዱ ሰሌዳና በጎረቤቱ መካከል ያለው ግፊት ሁለት ቮልት ያህል ብቻ ነው፤ ከእጅ ባትሪ አይበልጥም። የሚፈሰው ኮረንቲ ግን ብዙ ሺህ አምፔር ነው። ሳምንት ያህል ሲቆይ በሰሌዳው ግራና ቀኝ ንጽሕናው 99.99 ከመቶ የሆነ መዳብ ያድጋል፤ ተልጦም ይወሰዳል። አሲዱ ደግሞ አዲስ ድንጋይ ለማርጠብ ይመለሳል።

ብረታ ብረት ሁሉ ግን እንዲህ አይወጣም። መዳብ፣ ኒኬል፣ ኮባልት፣ ዚንክ ከጨዋማ ውሃ ይወጣሉ። ዚንክ ራሱ የሚወጣው ውሃው እጅግ ሲጠራ ነው፤ ጥቂት ባዕድ ነገር ከተቀላቀለበት ኮረንቲው ሃይድሮጅን በማውጣት ይባክናል፣ የተለጠፈውም ተመልሶ ይሟሟል። አሉሚንየምን ከውሃ ለማውጣት ቢሞከር ደግሞ የሚፈርሰው ውሃው ብቻ ነው፤ ስለዚህ ቀልጦ በጋለ ጨው ውስጥ ይሠራል።

ጋሼ የሠሩት በገንዳዎቹ ላይ ነበር። መዳቡ እኩል አያድግም፤ አንዳንዴ ጉብታ ያወጣና ከፊቱ ካለው እርሳስ ይገናኛል። ያን ጊዜ ኮረንቲው በአቋራጭ ይሄዳል፤ ሰሌዳው ይግላል፣ ሥራውም ይበላሻል። በገንዳው ጠርዝ እየተራመዱ የጋለውን ፈልጎ ማላቀቅ የእርሳቸው ድርሻ ነበር። ከእርሳሱ የሚወጣው የኦክሲጅን አረፋ ሲፈነዳ የአሲዱን ጠብታ ይዞ ይነሣል፤ አየሩ ጉሮሮ የሚቧጥጥ ጉም ይሆናል። በኋላ ዘመን ጉሙን ለመቀነስ በገንዳው ላይ የፕላስቲክ እንክብሎች ተንሳፈፉ። ጋሼ ግን የገቡት ከዚያ በፊት ነበር። ሲስቁ የፊት ጥርሶቻቸው አጥረውና ሳስተው ይታያሉ፤ ሁልጊዜ የእርጅና ይመስለኝ ነበር። «አሲዱ ነው የበላው» አሉኝ፤ ቅሬታ እንኳ በድምፃቸው አልነበረም። ይህን ያህል ዓመት በአንድ አዳራሽ አብረን ስንሰበሰብ ስለ ሠራተኛው መደብ ስናገር ይሰሙኝ የነበሩት እኒህ ሰው ናቸው። አንድ ቀን እንኳ ስለ ሥራቸው ጠይቄያቸው አላውቅም ነበር።

ከዚያ ወረቀት አውጥተው አሰሉ። በዚህ መንገድ አንድ ቶን መዳብ ለማውጣት ወደ 2,000 ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ይፈጃል። በአንድ ገጠር ቤት ዐሥር ዋት የምትበላ አንዲት አምፖል በየማታው አምስት ሰዓት ብትበራ ያ ኃይል 40,000 ሌሊት ያበራታል፤ ይህም ከ109 ዓመት በላይ ነው። አንድ ቶን መዳብ የአንድ ቤት የመቶ ዓመት ብርሃን ነው። ይህ መዳብን ማውገዝ አይደለም፤ መብራቱም ያለ መዳብ ሽቦ አይሄድም። ዋጋውን ግን ማወቅ ይገባል።

«አሁን ወደ ሽቦህ እንመለስ» አሉኝ ጋሼ።

ከኢንጋ እስከ ኮልዌዚ የሚሄደው ኮረንቲ ቀጥተኛው ነው፤ ግፊቱም 500,000 ቮልት ነው። ርቀቱ ሲረዝም በቀጥተኛ ኮረንቲ መላክ የኃይል ብክነቱን ይቀንሳል፤ ስለዚህ ለመሐንዲስ ምርጫው ሞኝነት አልነበረም። ነገር ግን መንደር ዳር እንደምናየው ያለ ትራንስፎርመር የሚሠራው በተለዋዋጭ ኮረንቲ ብቻ ነው። ቀጥተኛውን ከዚያ ግፊት አውርዶ ለቤት እንዲሆን ለማድረግ ሙሉ የመለወጫ ጣቢያ ያስፈልጋል፤ ዋጋው ደግሞ ለመንደር የሚቀመስ አይደለም። በኢንጋ መስመር ላይ እንዲህ ያለ ጣቢያ የተሠራው በሁለት ቦታ ነበር፤ አንዱ በኢንጋ፣ አንዱ በኮልዌዚ። በመካከሉ ያለው 1,700 ኪሎ ሜትር አፍ የሌለው ቧንቧ ነበር። ኮልዌዚ ሲደርስ ኃይሉ ወደ ተለዋዋጭ ተለውጦ ለፋብሪካዎች ይከፋፈላል፤ የፋብሪካው ገንዳ ግን ቀጥተኛውን ስለሚሻ እንደገና ወደ ቀጥተኛ ይመለሳል። በ500,000 ቮልት አገር አቋርጦ የመጣው ኃይል በመጨረሻ በሁለት ቮልት መዳብ ይለጥፋል።

እንግዲህ ስሕተቴ እዚህ ላይ ነው። «ጌቶቹ በየመንደሩ ደጃፍ ቆመው ከለከሉ» ያልሁት ሐሰት ነው። ማንም አልቆመም፤ መቆምም አላስፈለገም። ክልከላው የተፈጸመው የመጀመሪያው ምሰሶ ከመተከሉ በፊት፣ በሥዕል ወረቀት ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ሹሙ ደግም ይሁን ክፉ ለመንደሩ ሊሰጠው የሚችለው ነገር አልነበረም። የመንደሩ ሽማግሌዎች አቤት ቢሉ በቅን ልቦና «አይቻልም» ይባሉ ነበር፤ መልሱም እውነት ይሆን ነበር።

«ታዲያ ጥፋተኛ የለም ማለት ነው?» ብዬ ጋሼን ጠየቅኋቸው፤ ድምፄ ሳይሻክር አልቀረም።

«እኔ የማውቀው ገንዳውን ነው» አሉ። «ሥዕሉን ማን እንደሣለ፣ ለምን እንደዚያ እንደሣለ አንተ ፈልግ። ትምህርትህ እርሱ አይደለም እንዴ?»

ፈለግሁ። ካታንጋ ያለ ኢንጋም መዳብ በኤሌክትሪክ ታወጣ ነበር፤ በዛሬዋ ሊካሲ ያለው የሺቱሩ ፋብሪካ በዚህ መንገድ መሥራት የጀመረው በ1929 ነው። በአካባቢው ወንዞች ላይ ምዋዲንጉሻ በ1930፣ ንዚሎና ንሴኬ ደግሞ በ1950ዎቹ ተገድበዋል። ለተጨማሪ ኃይል እዚያው አካባቢ ሌላ ግድብ መሥራት ሊታሰብ የሚችል ነገር ነበር። ነገር ግን ካታንጋ በ1960 ተገንጥላ እስከ 1963 የቆየች አገር ናት። የፋብሪካዎቿ ኃይል 1,700 ኪሎ ሜትር ርቆ ከኪንሻሳ በኩል የሚመጣ ከሆነ ማብሪያ ማጥፊያው በማዕከላዊው መንግሥት እጅ ይሆናል። ብዙ ጸሐፊዎች መስመሩን በዚህ ዓይን አይተውታል፤ እኔም ካነበብሁት በኋላ ይህን ሐሳብ የምተውበት ምክንያት አላገኘሁም። የመዳብ ዋጋ ግን ገና ሥራው ሳያልቅ ወደቀ፤ መስመሩ ለዓመታት ከአቅሙ በታች እየሠራ ዕዳው በአገሪቱ ጫንቃ ላይ ቀረ። ዛሬ ኮንጎ መዳብ በማምረት ከቺሊ ቀጥላ የምትጠራ አገር ሆናለች፤ ከሕዝቧ ግን መብራት የሚያገኘው ከአምስቱ አንዱ ያህል ነው።

የጽሑፌን ሦስተኛ ምዕራፍ ቀደድሁትና እንደገና ጻፍሁት። በመጀመሪያው ምዕራፍ ገዢው በየቀኑ እንቢ የሚል ሰው ነበር፤ በአዲሱ ግን እንቢ ማለት የማያስፈልገው ሰው ነው። ሁለተኛው ይበልጥ የሚያስፈራ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ምክንያቱም በደጃፍ የቆመን ከልካይ ሕዝብ ያየዋል፣ ይከራከረዋል፣ አንድ ቀንም ይገፋዋል። በዕቅድ ውስጥ የተቀበረውን ክልከላ ግን ማን ያየዋል? ትውልድ ሲያልፍ የተፈጥሮ ሕግ ይመስላል፤ እንደ እኔ ያለው ተቆርቋሪም በሌለ ዘበኛ ላይ ይጮኻል።

አንባቢ ሆይ፣ ይህ የሩቅ አገር ታሪክ ብቻ እንዳይመስልህ። ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ ኬንያ ውስጥ ሱስዋ የሚደርሰው የኛው መስመር ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል፤ በ2022 መገባደጃ ላይ ኃይል ማስተላለፍ ጀምሯል። እርሱም ቀጥተኛ ኮረንቲ ነው፤ ግፊቱም እንደ ኢንጋው 500,000 ቮልት ነው፤ የመለወጫ ጣቢያዎቹም ያሉት በሁለቱ ጫፎች ነው። ለጎረቤት ኃይል መሸጥ ነውር አይደለም፤ አገር የውጭ ምንዛሪ ትፈልጋለች፣ ጎረቤትም ብርሃን ይፈልጋል። ቢሆንም ከሥሩ ላሉት የደቡብ መንደሮች መብራት በሌላ በኩል፣ በሌላ ዕቅድ መምጣት አለበት፤ ያም ዕቅድ ከታላቁ መስመር ጋር አብሮ ካልተሣለ በኋላ የሚያስታውሰው አይገኝም። በእኔ መንደር ዳር የሚያልፈው ግን ተለዋዋጩ ነው። ከእርሱ ማውረድ በብልሃት ይቻላል፤ የሚያስፈልገው ማከፋፈያ ጣቢያና ገንዘብ ነው። ስለዚህ የኮንጎውና የእኛው በደል መንታ አይደሉም። የኮንጎው በሥዕሉ ተዘግቷል፤ የእኛው በበጀቱ ይዘገያል። ሁለቱን በአንድ መፈክር ጠቅልዬ መናገሬ ሌላው ጥፋቴ ነበር።

ከዚህ ተነሥቼ ለጓደኞቼ የማሳስበው አንድ ነገር ነው። በስደት ያለን ተማሪዎች በሁለት ወንበር ተለያይተን እንቀመጣለን፤ ምሕንድስና የሚያጠናው ስለ ሥልጣን አይጠይቅም፣ ስለ ሥልጣን የሚያጠናው ስለ ሽቦ አይጠይቅም። የአገራችን ዕቅዶች ደግሞ የሚሣሉት በእነዚህ ሁለት ወንበሮች መካከል ባለው ባዶ ቦታ ላይ ነው። ግድብ ሲመረቅ ከማጨብጨብም ሆነ ከማውገዝ በፊት፣ ሥዕሉ ገና በእርሳስ ሳለ፣ «መስመሩ ስንት ቦታ ላይ አፍ አለው? ለማን?» ብሎ መጠየቅ ይገባናል። በእርሳስ የተጻፈ ይፋቃል፤ በብረት የተተከለ ግን አይፋቅም።

እናቴ ዛሬ ከጣሪያዋ ላይ አንዲት ትንሽ ሶላር አላት፤ ኩራዙን ትታለች። እኔ ለሁለት ዓመት ብዬ ወጥቼ፣ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ አገሬ ጎጃም ጦርነት ሲገባባት መመለሻዬ የተዘጋ ልጇ፣ ስልኩ በሠራ ቀን እደውልላታለሁ። ባለፈው ጊዜ ስለዚያ ስለ ትልቁ መስመር ጠየቅኋት።

«አለ፤ ዝናብ ሲመጣ ይጮኻል» አለችኝ። ከዚያም ጥቂት ዝም ብላ፣ «አንተ እንግዲህ ተምረሃል፤ ለምን እንደሚጮህ ታውቃለህ?» አለች።

የሚጮኸው ከግፊቱ ብዛት የተነሣ በሽቦው ላይ ባለው የውሃ ጠብታ ዙሪያ አየሩ እየተሰነጠቀ መሆኑን ነገርኋት። «ለምን ወደ እኛ አልመጣም?» ብላ እንደ ልጅነቴ ብትጠይቀኝ ግን፣ አሁን የምመልስላት ያን ቀን በጉባኤው ፊት ከመለስሁት ይልቅ ረዘም ያለ ነው። ጊዜ ወስጄ፣ ሳልጮኽ፣ እስከ መጨረሻው ልነግራት እየተዘጋጀሁ ነው።